አምሐ ከኮርኒስ ያየው ፊልም

አምሐ ገሠሠ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ፊልም ላይ የሚደበቅ ሰው ሽንት እንደሌለው ነው።

ከሚወዳቸው ፊልሞች አንዱ የካውቦይ ነበር። አክተሩን ሌቦቹ ሲያሳድዱት ሮጦ መጠጥ ቤት ይገባና ባዶ በርሜል ውስጥ ይሸሸጋል። ዋናው ሌባ ይመጣና በርሜሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን ይለኩሳል። ከዚያ ጽሑፍ ይመጣል፤ "ከሦስት ቀን በኋላ" ይላል። አክተሩ ክዳኑን በራሱ ገፍቶ ብቅ ይላል፤ ጸጉሩ እንደተበጠረ፣ ጢሙ እንደተላጨ። አምሐ ይቺን ቦታ ሲያወራት ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አሁን ግን በጣሪያና በኮርኒስ መሀል በሆዱ ተኝቶ ሲያስባት ታናድደዋለች። "ሦስት ቀን ሙሉ! ፖፖው የታለ?" ይላል በልቡ። በልቡ ነው እንጂ ድምፅ አውጥቶማ ከተናገረ አስራ አንድ ወር ሊሞላው ነው።

ለዚህ ያበቃው ያው ፊልም ነው።

አምሐ ንፋስ ስልክ ከአንድ ጆንያ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ የፊልም ዕቁብ የሚሏት ነገር ነበረቻቸው። አስራ ሁለት ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንቲም ያዋጣና አንድ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ከተማ ወጥቶ ፊልም ይገባል። ሰኞ በምሳ ሰዓት ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ለአስራ አንዱ ይናገራል። ሕጓ አጭር ናት፤ የገባ ይናገር፣ የተናገረ አይዋሽ። መጀመሪያ በዕጣ ነበር፤ ኋላ ግን ዕጣው ቀረና አምሐ ብቻ ይላክ ጀመር። ሌላው ሰው ከፊልም ተመልሶ "ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ተጋቡ" ብሎ በሦስት ቃል ይጨርሰዋል። አምሐ ግን ፈረሱንም ይሆናል፣ ባቡሩንም ይሆናል፣ የምታለቅሰውንም ሴት ይሆናል። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት የተወ ሰው ነው፤ ፊልሙ በምን ቋንቋ እንደሚወራ አያውቅም። "ቋንቋማ የሚያስፈልገው ለሬዲዮ ነው" ይላል።

አንድ ሰኞ የህንድ ፊልም ሲናገር ጭሰኛ የሚያስለቅስ አንድ ባላባት መጣበት። ባላባቱን ምን ዓይነት አካሄድ ይስጠው? አላሰበበትም፤ እግሩ ራሱ መረጠለት። አንድ እግሩን እየጎተተ፣ በየሦስት እርምጃው ኪሱን እየዳበሰ ሄደ። አስራ አንዱ በሳቅ ፈረሱ። ይሄ የሁንዴሳ አካሄድ ነው። ሁንዴሳ የፋብሪካው ዘበኛ ነበር፤ ሠራተኛ ሲወጣ ኪስ ይፈትሻል፣ እግሩን ይጎትታል፣ ቁልፉ እንዳለ ለማረጋገጥ ኪሱን ይዳብሳል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ሁንዴሳ ዘበኛ አይደለም፤ የመካኒሳ ቀበሌ የአብዮት ጥበቃ ሊቀመንበር ጓድ ሁንዴሳ ነው። አምሐ ደግሞ የሚኖረው መካኒሳ ነው።

ማን እንደነገረበት አልታወቀም። ወጋየሁ አስረስ የሚባለው የዕቁቡ አባል ግን በሳምንቱ ፊልም ተናጋሪ ሆነ።

የካቲት 1969 ነበር። ጥበቃዎቹ ጠብመንጃ ይዘው ሲመጡ አምሐ ሽንት ቤት ነበር። ሚስቱ ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ "ወሊሶ ለቅሶ ሄዷል" አለቻቸው። እንደሄዱ አልጋው ላይ በርጩማ ሰቀለችና፣ በቁም ሳጥኑ ጀርባ ኮርኒሱን ቀድዳ፣ ባሏን ከታች ገፍታ አስገባችው።

"ለስንት ቀን ነው?" አላት ከላይ ሆኖ።

"እስኪረሱህ።"

ያ ጊዜ ደግሞ ሰው በከንቱ የሚረሳበት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ወረቀት የተለጠፈባቸው ሬሳዎች ይገኙ ነበር። ባላባት በአካሄዱ ተመስሎብሃል ተብሎ የሚናደድ ሊቀመንበር ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚያስጽፍ ጫልቱም አምሐም ያውቃሉ። እዚያ ላይ የቆየው ለዚህ ነው፤ ሲወርድ መሞቱ ነው።

ቤቱን ልንገራችሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ስድስት ክፍሎች ናቸው። የሁሉም ባለቤት እትዬ ፀሐይወርቅ ነበሩ፤ የትርፍ ቤት አዋጁ ሲመጣ አንዱን ክፍል ትተውላቸው አምስቱን ወረሷቸው። አንደኛው ውስጥ አምሐና ጫልቱ በኪራይ አሉ። ሁለተኛው ውስጥ ራሳቸው እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው። ሦስቱ ግድግዳቸው ፈርሶ የቀበሌው መወያያ አዳራሽ ሆነዋል። መጨረሻው ክፍል የእህል መጋዘን ነው፤ እህል ሲጠፋ ሰው ያስቀምጡበታል። ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ከዚያ በላይ ከዳር እስከ ዳር ሞራሌ፣ አቧራና የአይጥ አገር ነው። ኮርኒሱ በኖራ የተቀባ ጆንያ ነው። አምሐ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረው ጆንያ አሁን በተራው እሱን ያዘው። ሁለት ጣውላ ሞራሌው ላይ አጋድሞ ተኛ። መቀመጥ አይቻልም፣ ቆርቆሮው ራስ ይመታል። መዞር ይቻላል፤ በዝግታ፣ ልክ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ፣ ቀን ቀን ቆርቆሮው ሲግል ደግሞ እንደ ቆሎው ራሱ።

ጫልቱ ለጎረቤት ባሏ ሴት ይዞ ጅማ መጥፋቱን አወራች። ሴቶቹ ሊያጽናኗት ሲመጡ፣ እሱ ከላይ እየሰማ፣ ትረግመዋለች።

"ይሄ ውሻ! እኔ ምኑን አጉድዬበት ነው? ስምንት ዓመት ካልሲውን ሳጥብለት!"

"ተይው እህቴ፣ ወንድ እንዲህ ነው።"

"ሲያንኮራፋ ደግሞ ብትሰሙት! ስለ ፊልም ሲለፈልፍ ሊነጋ! እኔ የፊልም ሚስት ነኝ የሱ?"

ማታ ላይ ምግብ ስታቀብለው "ካልሲው ለምን መጣ?" ይላታል በሹክሹክታ።

"እንዲያምኑ ነዋ።"

"ማንኮራፋቴስ?"

"እሱ እውነት ነው።"

ጊዜውን የሚገፋው በፊልም ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ቆርቆሮው ላይ ያጫውተዋል። የካውቦዩን በርሜል እንደተናደደበት ያልፈዋል። ቀጥሎ የህንዱ ዝናብ ይመጣል፤ ልጅቷና አክተሩ ዝናብ ውስጥ እየዘፈኑ ዛፍ ይዞራሉ። ያንን ፊልም ያየው ከጫልቱ ጋር ነው፤ ሊያገባት ሲያስብ ከተማ ወስዷት። ሰው ሁሉ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሲያይ ጫልቱ ጆሮው ሥር መጥታ "አሁን የለበሰችው ቢጫ አልነበረም? ሳይደርቅ ቀዩን ከየት አመጣችው?" አለችው። አምሐ ይሄን ሁሉ ፊልም ሲያይ ያንን ጠይቆ አያውቅም። በወሩ ሽማግሌ ላከ።

ሦስተኛው ፊልም ግን ሳይጠራ ይመጣበታል። እሱም የህንድ ነው። አባትየው በባቡር ይሄዳል። ትንሽ ልጁ ከባቡሩ ጎን ይሮጣል፤ አባትየው በመስኮቱ እጁን ይዘረጋል፤ ባቡሩ ይጮኻል። አምሐ ይሄን ፊልም አራት ጊዜ ገብቷል። ሲናገረው ግን ባቡሩ እንደጮኸ "ከዚያ ባቡሩ ሄደ" ብሎ ይዘለዋል። አስራ አንዱ "እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትቸኩላለህ፣ የሆነ ነገር በልተህብናል" ይሉታል። እውነታቸውን ነው።

የአምሐ አባት ገሠሠ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ አሰብ ይመላለሳል። አምሐ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ጠዋት አባቱ ስንደዶ አምጥቶ እግሩን ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ለካው፤ የተረፈውን በጥርሱ ቆረጠ፤ ስንደዶውን ሸሚዙ ኪስ ከተተ። "ከአሰብ ሸራ ጫማ አመጣልሃለሁ" አለው። መኪናው ሄደ። አምሐ ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ሳሪስ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ይቀመጣል፤ የሚመጣውን ከባድ መኪና ሁሉ ያያል። አባቱ ይቀራል ብሎ አይደለም የሚጨነቀው። እግሩ እያደገ ነው፤ ስንደዶው ግን አያድግም። እና ጣቶቹን አጥፎ ይቀመጥ ነበር። ሁለት ዓመት አጠፋቸው። አባቱ አልመጣም። መኪናው ገደል ገባ ያለም አለ፣ አሰብ ሌላ አገባ ያለም አለ። አምሐ እስከ ዛሬ ሲቀመጥ ጣቶቹን ያጥፋል።

ጥር ገባ። አንድ እሁድ ቀበሌው "ከወንድም ሶሻሊስት አገር የመጣ ፊልም ስለሚታይ መቅረት ያስቀጣል" ብሎ አስለፈለፈ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሰው ሞላ። አምሐ ጣውላው ላይ ሆኖ የማሽኑን ድምፅ ሰማ፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚለውን። አስራ አንድ ወር ሙሉ ያላየ ሰው ነው። ሰካራም የጠርሙስ ድምፅ ሲሰማ ምን ይሆናል? እንደዚያ ሆነ። ከሞራሌ ሞራሌ እየተሳበ በእትዬ ፀሐይወርቅ ላይ አለፈ፤ አዳራሹ ላይ ደረሰ፤ የአምፖሉ ሽቦ በሚወርድበት ቀዳዳ ዓይኑን አስጠጋ።

ፊልሙ በሩሲያኛ ነው። ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው መካኒሳ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጓድ ሁንዴሳ ለፊልም ተናጋሪው ትእዛዝ ሰጠ፤ "ጓድ ወጋየሁ፣ ለሰፊው ሕዝብ አስረዳ።" ወጋየሁ በትር ይዞ ፊልሙ ከሚታይበት ጨርቅ ጎን ቆመ። ላቡ ከላይ ይታያል።

ሸራው ላይ በረዶ ነው። አንድ ሽማግሌ የባቡር ጣቢያ ቆሟል። ጥንድ ቡትስ ጫማ ደረቱ ላይ አቅፏል፤ አዲስ ነው። ባቡር ይመጣል፣ ወታደሮች ይወርዳሉ፤ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደፊት ይላል፤ የእያንዳንዱን ፊት ያያል። ባቡሩ ይሄዳል። ሽማግሌው የጫማውን አቧራ በእጅጌው ይጠርግና ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌላ ባቡር ይመጣል።

"ይሄ ሰውዬ" አለ ወጋየሁ በትሩን እያወዛወዘ፣ "ይሄ ሰውዬ ጫማ ነጋዴ ነው! ሕዝቡ በብርድ በባዶ እግሩ ሲሄድ ጫማ ይደብቃል! አያችሁ እንዴት እንዳቀፈው? ዋጋ እስኪወጣ እየጠበቀ ነው! ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው!"

"ይውደም!" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

"ይውደም!" አለ አዳራሹ በሙሉ፤ ማለት ግዴታ ነው።

ሽማግሌው የሰማቸው ይመስል ጫማውን ይበልጥ አቀፈው። ባቡር መጣ። አንድ እርምጃ ወደፊት አለ።

አምሐ ከላይ ሆኖ "ቁጥሩ ልክ ይሆን?" ብሎ አሰበ። "ልጁ ከሄደ ወዲህ እግሩ አድጎ ቢሆንስ?" ይሄን ሲያስብ ጊዜ ሳያውቀው ዓይኑ ሞላ። ዓይኑ ደግሞ ቀዳዳው ላይ ነው። ከሞላ ወዴት ይሄዳል?

ከአምፖሉ ሥር የተቀመጠው ጓድ ሁንዴሳ ነበር። ራሱ መላጣ ነው።

ሁንዴሳ መላጣውን ዳበሰ። እጁን አየ፤ አሸተተ። "ማሽኑን አቁሙ!" አለ። መስኮቱ ተከፈተ። "ይሄ ምንድን ነው? ውሃ ነው። በጥር ወር ውሃ ከየት መጣ?" ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። መቶ ሰው አብሮት ቀና አለ። ጫልቱ ብቻ ነበረች ወለሉን የምታየው። አምሐ ዓይኑን ከቀዳዳው አንስቶ ትንፋሹን ዋጠ። ጎኑ ያለችው አይጥም ዋጠች መሰለው።

"ምን ይሆናል ብለህ ነው!" አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ ከመሀል ተነስተው። "መቶ ሰው አጉራችሁ ስታስተነፍሱት ቆርቆሮው አያልበውም? ቤቴን ስትወርሱ ጣሪያውም የናንተ ሆኗል እኮ። ዝገቱን ማን ያድሰው? የወረሰ ያድስ!"

ሰው ሳቁን አፈነ። ሁንዴሳም አሮጊት ማሰር ስለማይመቸው ተሸነፈ። "ትክክል ነው" አለ። "የሕዝብ ንብረት ማፍሰስ የለበትም። ነገ ጠዋት የጥገና ዘመቻ ነው! ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ቆርቆሮው ይነሳል!"

እትዬ ፀሐይወርቅ ከአዳራሹ ሲወጡ ጫልቱን ክንዷን ያዙአት። "ልጄ" አሉ፣ "አይጥሽ ዛሬ በኔ ላይ ሲያልፍ ኮርኒሴን ሊበጥሰው ነበር። ላድነው ብዬ አባስኩት መሰለኝ። እስከ ጠዋት አውጪው።"

"እትዬ፣ የምን አይጥ..."

"ካልሲ የሚያደርገው አይጥ።"

ሌሊት መውጣት አይታሰብም፤ የሰዓት እላፊ አለ፤ ጥበቃው በየማዕዘኑ ነው። ጫልቱ የመጣላት ዘዴ ይሄ ነው። ዘመቻው ሲጀመር ሰው ይተረማመሳል፤ አሮጌ ቆርቆሮ የሚሸከም ይገባል ይወጣል። አምሐ ፊቱንና ጢሙን በኖራ ይለቀለቃል፣ ጨርቅ ይጠመጥማል፣ ቆርቆሮ ራሱ ላይ አድርጎ ከሰው ጋር ይወጣል። ከበሩ እስከ አጥሩ መዝጊያ አርባ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲያ ላፍቶ፣ ከላፍቶ ወዲያ ገጠር ነው።

"ፊልም ላይ አይተኸው የለም?" አለችው። "በደንብ ትችለዋለህ።"

ሲወርድ ግን እግሩ አልያዘውም። አስራ አንድ ወር ያልቆመ እግር ነው። በቁም ሳጥኑ ተደግፎ ቆመ። ጫማውን አመጣችለት፤ እግሩ አብጦ አልገባ አለው። ጣቶቹን አጠፈ፤ ቢሆንም እምቢ አለ። "ይቅር፣ የቀን ሠራተኛ ጫማ የለውም" አለችና ጫማውን መልሳ ጋዜጣ ጠቀለለችበት። "ስትደርስ አመጣልሃለሁ።"

ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ተሞላ። ከላይ የቆርቆሮ መንገጫገጭ፣ ከታች የሁንዴሳ ትእዛዝ። አምሐ አንድ የዛገ ቆርቆሮ ራሱ ላይ ጣለና በሩን ወጣ። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። አስር እርምጃ ሄደ። ሃያ ሄደ። ማንም አላየው። አክተር ማለት ይሄ ነው ብሎ ሊያስብ ሲል ግራ እግሩ ደነዘዘ። ይጎትተው ጀመር። አንድ እግሩ ይረግጣል፣ አንዱ መሬት ይጠርጋል፣ እንደገና ይረግጣል፣ ይጠርጋል።

ከዘመቻው መሀል ሦስት የጆንያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ የዕቁቡ ሰዎች። ያንን አካሄድ ሲያዩ ምንም አላሰቡም፤ ማን እንደሆነም አላወቁም። ሳቁ ራሱ አመለጣቸው። ፕፍፍ አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ተከተሉት።

ጓድ ሁንዴሳ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የቆመው። ሰውየውን አላየውም፤ ሳቁን ግን ያውቀዋል። ያ ሳቅ አስር ዓመት ሙሉ የፋብሪካው በር ላይ ከኋላው ሲሰማው የኖረ ነው። ዞር አለ።

"ቁም!"

አምሐ ቆመ።

"እስቲ ሂድ።"

ሄደ።

"ተመለስ።"

ተመለሰ።

"አምሐ ገሠሠ" አለ ሁንዴሳ ቀስ ብሎ። "ዛሬም ትጫወትብኛለህ?"

"አልተጫወትኩም ጓድ። እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው።"

"የምርህን ነው?"

"የምሬን ነው።"

ሁንዴሳ ጎንበስ ብሎ ያበጠውን እግር በጣቱ ተጫነው፤ ጉድጓዱ አልሞላ አለ። "ግራህን ነው" አለ።

"አዎ፣ ግራዬን።"

"የኔ ቀኝ ነው። ያኔም ግራህን ነበር የምትጎትተው፤ ነግረውኛል።" ቀና አለ። ኪሱን ዳበሰ። "አስር ዓመት በእኔ በር ወጥተህ ገብተህ የቱ እንደሆነ እንኳ አላየህም።"

ለፊልም ተናጋሪ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም፤ ደግሞም እውነት ነው።

ጠብመንጃ የያዙት መጡ። ጫልቱ ሮጣ ሁንዴሳ እግር ላይ ወደቀች፤ በመደናገጥ የወደቀችው ቀኙ ላይ ነው፣ እሱም "ይሄንን አትንኪ!" ብሎ ጮኸ። አምሐን ጎትተው አዳራሽ አስገቡት። ሁንዴሳ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣ። ጫልቱ በር ላይ ሆና ወረቀቱን ስታይ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ገባት።

በዚህ መሀል ነው የፊልም አጫዋቹ ሰውዬ ቆርቆሮ ሳጥኑን ሊወስድ የመጣው። ሰላም ብሎ ገብቶ ሳጥኑን እየዘጋ፣ "ጓድ" አለ፣ "ትላንት 'ይውደም' ሲሉ እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ማን ነው ይውደም የተባለው?"

"ጫማ ደባቂው ነዋ።"

"የቱ? ሽማግሌው?" ሰውዬው ሳጥኑን ለቀቀ። "ጓድ፣ እሱ እኮ የጀግና አባት ነው። ልጁ ጦር ሜዳ ሄዶበት ነው። ከፊልሙ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል።"

የወንድም አገር ጀግና አባት፣ በሊቀመንበሩ ፊት፣ መቶ ሰው ይውደም ብሎታል። ይሄ ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ጆሮ ቢደርስ ለማን ወረቀት እንደሚጻፍ ሁንዴሳ ራሱ ያውቃል። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ አምሐ ዞረ።

"አንተ ከላይ ሆነህ አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ነጋዴ ነው ትላለህ?"

"አባት ነው። ገና ሲወጣ ነው ያወቅሁት።"

"ሩሲያኛ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። ነጋዴ አቧራ በእጅጌው አይጠርግም።"

ሁንዴሳ መላጣውን ዳበሰ፤ ትላንት ጠብታዋ ያረፈችበትን ቦታ። አንዴ ወደ ኮርኒሱ አየ፣ አንዴ ወደ አምሐ ዓይን። ገባው። ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ቁልፉ ያለበት ኪስ ከተተው፤ አልቀደደውም። "እሁድ ፊልሙ ይደገማል" አለው አጫዋቹን። "ስህተቱ ይታረማል። ይሄ እስረኛ ይናገራል። መጋዘን አስገቡት።"

ወጋየሁ በዚያው ሳምንት ለቅሶ ብሎ ወሊሶ ሄደ።

መጋዘኑ ያው ስድስተኛው ክፍል ነው፤ አንድ ጣሪያ ሥር። አምሐ አስራ አንድ ወር ተሰቃይቶ የሄደው አምስት ክፍል ብቻ ነው። ልዩነቱ አሁን መቆም ይችላል፤ ኮርኒሱንም ከታች ያየዋል። ጫልቱ ምግብ ስታመጣ ጫማውን ይዛ መጣች። ጥበቃው ሁንዴሳን ጠየቀ።

"ጫማ ያደረገ እስረኛ ይሄዳል" አለ ሁንዴሳ። "መልሺው።"

እሁድ አዳራሹ እንደገና ሞላ። አምሐ በባዶ እግሩ ከጨርቁ ጎን ቆመ፤ ሁለት ጠብመንጃ ከኋላው፣ ሁንዴሳ ከፊቱ። ከአምፖሉ ሥር ግን አልተቀመጠም። ማሽኑ ጠቅ ጠቅ አለ። አምሐ በረዶውን ሆነ፣ ባቡሩን ሆነ፣ ሲጋራ የሚለምነውን ወታደር ሆነ። ሰዉ ለመጀመሪያ ጊዜ ውይይት መሆኑን ረስቶ ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌው መጣ፤ ጫማውን አቅፎ። ባቡሩ ጮኸ።

አምሐ በልማዱ "ከዚያ ባቡሩ ሄደ" ሊል አፉን ከፈተ። የዕቁቡ ሰዎች ከኋላ ሆነው አወቁት፤ እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ የሚዘለው። ሁንዴሳ ኪሱን ዳበሰ፤ ወረቀቱን ይሁን ቁልፉን አይታወቅም።

አምሐ ወደ ሰዉ አየ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጫልቱ ተቀምጣለች። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ምናልባት ዛሬ ይለቁት ይሆናል ብላ።

"ይሄ ሰውዬ" አለ አምሐ፣ "ጫማውን የገዛው በልኬት ነው። ልጁ ሳይሄድ እግሩን ለክቶታል። አሁን እሱን ያስጨነቀው የልጁ መቅረት አይደለም። ልኬቱ ነው። ባቡሩ በመጣ ቁጥር ፊት አይደለም የሚያየው፤ እዩት፣ ዓይኑን እዩት፤ እግር ነው የሚያየው። የማን እግር አድጓል እያለ። ልጁም የሆነ ቦታ ጣቶቹን አጥፎ ተቀምጧል። ልክ እንዲሆንለት።"

ማንም ይውደም አላለም።

"መጣለት?" አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ በጨለማው። "ልጁ መጣ ወይ?"

አምሐ ፊልሙን አንዴ አይቶታል፤ እስከሚቆምበት ድረስ። ሕጉ ደግሞ የተናገረ አይዋሽ ነው። ሁንዴሳን አየ፣ ጫልቱን አየ።

"ገና ነው" አለ።

ፊልሙ ሲያልቅ መስኮቱ ተከፈተ። አምሐን በጓሮ በር ወደ መጋዘኑ መለሱት፤ አንድ እግሩ ይረግጣል፣ አንዱ ይጠርጋል። ሁንዴሳም እየጎተተ ከኋላው ሄደ፣ ሊቆልፍ። አንዱ ግራውን አንዱ ቀኙን እየጎተቱ ሲሄዱ ሁሉም አየ፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ከፍተኛው በሳምንቱ ሌሎች አራት የሩሲያ ፊልሞች ላከ፤ ሁንዴሳም "እነዚህ ሳያልቁማ አንተን የት ልሰድህ?" አለው። አራቱ ሲያልቁ ሌላ ስድስት መጣ።

ጫልቱ እሁድ እሁድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ጋዜጣው ሲያረጅ በአዲስ ትጠቀልለዋለች። አቧራውን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።